ማንም ያልፈለጋቸው ሸክላዎች

ሌሊት ነው። የጠረጴዛውን መብራት ወደ ጎን አዘንብዬ አንዲት ትንሽ የሙዚቃ ሸክላ ከሥሩ ይዣለሁ። ሸክላን ፊት ለፊት ቢያበሩበት ምንም አይታይም፤ ጥቁር ብቻ ነው። ዘንበል ሲያደርጉት ግን ሁሉም ነገር ይወጣል። የፀጉር ያህል የቀጠነው ጭረት፣ የድሮ የጣት አሻራ፣ መርፌ ደጋግሞ የተመላለሰበት ቦታ፣ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ።

የያዝኳት «ላቭ ሚ ዱ» ናት። የሊቨርፑሎቹ ቢትልሶች ፓርሎፎን ለሚባለው የሸክላ ኩባንያ የቀረጿት የመጀመሪያ ነጠላ ዜማ። እንግሊዝ ውስጥ የወጣችው ኦክቶበር 5 ቀን 1962 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። መሀሏ ቀይ ነው። ቀዩ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የአንዲት ልጅ ስም ተጽፏል። ፊደሉ የተማሪ ፊደል ነው፤ ክብ ክብ ያለ፣ ተጠንቅቃ የጻፈችው። ያኔ ወጣቶች ሸክላቸውን ይዘው ጓደኛ ቤት ለጭፈራ ሲሄዱ፣ ከሰው ሸክላ ጋር እንዳይቀላቀልባቸው ስማቸውን ይጽፉበት ነበር። ስሟን እዚህ አልጠቅሰውም። የሷ ነው።

በሰብሳቢዎች ዘንድ ስም የተጻፈበት ሸክላ ዋጋው ይወርዳል። እኔ ልገዛት የቻልኩትም ለዚህ ነው። ግን ከዓመታት መሰብሰብ በኋላ ካሉኝ ሁሉ ብዙ ጊዜ የማወጣት ይህችኑ ነው። ምክንያቱ እስክሪብቶው ብቻ አይደለም። ውስጧ ያለው ከበሮ ነው።

ዘፈኑ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ በአንድ ሳምንት ልዩነት ሁለቴ ተቀረጸ። በ4ኛው ቀን ከበሮውን የመታው የቡድኑ አባል ሪንጎ ስታር ነበር። አዘጋጆቹ አልረኩም። በ11ኛው ቀን አንዲ ዋይት የሚባል ለስቱዲዮ ሥራ የሚጠራ ከበሮ መቺ አመጡ፣ ለሪንጎ ደግሞ ታምቡሪን፣ በእጅ ይዘው የሚያንሿሹትን መሣሪያ ሰጡት። ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። ታምቡሪን ከተሰማ የአንዲ ዋይት ነው፤ ካልተሰማ የሪንጎ። የመጀመሪያዋ ቀይ ሸክላ ላይ ታምቡሪን የለም። በኋላ በታተሙት ላይ ግን ቅጂው ተቀየረ። የሪንጎው ዋናው ቴፕ ደግሞ ተቀምጦ አልቆየም። የሚጠቅም መስሎ የታየው ሰው አልነበረማ። ስለዚህ ያንን ቅጂ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደገና ማውጣት ሲፈለግ፣ ከራሷ ከሸክላዋ ላይ መገልበጥ ግድ ሆነ።

ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ሸክላዎቼን የማይበት ዓይን ተለወጠ። በቴፕ መደርደሪያ ላይ ያልተረፈ ድምፅ በአንዲት ተማሪ መኝታ ቤት ውስጥ ተርፏል። ሳታውቀው ጠባቂ ሆናለች።

ነጠላ ሸክላ የምሰበስበው ለምንድነው ተብዬ ብዙ ጊዜ ተጠይቄአለሁ። ዘፈኑን ለመስማትማ ስልክ አለ። መልሴ ይሄ ነው፦ ሸክላ ውስጥ ዘፈኑ ብቻ ሳይሆን በዘፈኑ ላይ የተፈረደው ፍርድም አብሮ አለ። ማን ወደደው፣ ማን ናቀው፣ ማን ተሳሳተ፣ ማን ፈርቶ ከገበያ ሰበሰበው። በተለይ ብርቅ የሚባሉት ላይ። ብርቅ የሆኑት አብዛኞቹ በጊዜያቸው ማንም ያልፈለጋቸው ናቸውና።

እስቲ አስቡት። በሚሊዮን የተሸጠ ዘፈን ብርቅ ሊሆን አይችልም። በየቤቱ አለ። ብርቅ የሚሆነው ሱቅ ውስጥ አቧራ የጠጣው፣ ራዲዮ ያላጫወተው፣ ተመልሶ የተቀጠቀጠው ነው።

በ1964 አራት የለንደን ልጆች ዘ ሃይ ናምበርስ በሚል ስም ፎንታና በሚባል ኩባንያ አንድ ነጠላ ዜማ አወጡ። የታተመው ወደ 1,000 ቅጂ ነው። አልሄደም። ልጆቹ ወደ ቀድሞ ስማቸው ተመለሱ፣ ዘ ሁ ተባሉ፤ የቀረውን ዓለም ያውቀዋል። በዚያው ዓመት ጁን ላይ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ዴቪ ጆንስ ተብሎ፣ ከኪንግ ቢስ ጋር «ሊዛ ጄን» የምትል ዘፈን አወጣ። እሷም ወደቀች። ልጁ ዴቪድ ቦዊ ነው። ዛሬ ሰብሳቢዎች እነዚህን ሁለቱን ሸክላዎች በጥርሳቸው ይዘው ነው የሚፈልጓቸው። ያኔ ሱቅ ገብቶ አንዷን አንስቶ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ግን ምን አስቦ ይሆን? ለኔ ትልቁ ጥያቄ እሱ ነው። ማንም ሳይነግረው፣ ዝና ሳይገፋው፣ ስለወደደው ብቻ የገዛ ሰው። እንደዚያ ሰው ጆሮ እንዲኖረኝ እመኛለሁ።

አሜሪካም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። የቢትልሶች የአሜሪካ መብት በመጀመሪያ የቀረበለት ካፒቶል የሚባለው ኩባንያ አልፈልግም አለ። ቺካጎ የነበረው ቪ ጄይ የሚባል ኩባንያ ወሰደው። ፌብሩዋሪ 1963 ላይ «ፕሊዝ ፕሊዝ ሚ»ን ሲያወጣ በመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ላይ የቡድኑን ስም በሁለት ‹ቲ› አተመው። ማንም ልብ አላለም፤ ማን ያውቃቸዋል? ሸክላው ብዙም ሳይሸጥ ቀረ። ያቺ ትርፍ ‹ቲ› ዛሬ ዋጋ ሆናለች። እኔ ግን ዋጋውን ትቼ የማስበው በዚያ ሳምንት ማተሚያው ፊት የቆመውን ሠራተኛ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ያንን ስም ሕፃን ልጅ ሳይቀር እንደሚያውቀው ማን ይነግረዋል።

ተፈልገው የተከለከሉም አሉ። የእንግሊዞቹ የፓንክ ባንድ ሴክስ ፒስትልስ ማርች 10 ቀን 1977 ከባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ደጃፍ ከኤ ኤንድ ኤም ኩባንያ ጋር ውል ፈረሙ። በስድስተኛው ቀን ውሉ ፈረሰ። «ጎድ ሴቭ ዘ ኩዊን» ግን ወደ 25,000 ቅጂ ታትማ ነበር። ተሰብስባ እንድትጠፋ ተደረገ፤ ከጥፋቱ ያመለጡት ጥቂቶች ናቸው። በሜይ ወር ቨርጂን የሚባለው ሌላ ኩባንያ ያንኑ ዘፈን አወጣውና ማንም ሊገዛው ቻለ። ሮሊንግ ስቶንስ በ1968 አሜሪካ ላወጡት «ስትሪት ፋይቲንግ ማን» ደግሞ ዘፈኑ ሳይሆን ልባሱ፣ የሸክላው የወረቀት ከረጢት ነው ከገበያ የተሰበሰበው። ፖሊስ ወድቆ የተኛ ሰልፈኛ ላይ ቆሞ የሚያሳይ ፎቶ ነበረበት። ሸክላው በሽበሽ ነው፤ ወረቀቱ ግን የለም ማለት ይቻላል። አንዲት የታጠፈች ወረቀት ከሙዚቃው በላይ ስትፈለግ ሳይ አዝናለሁ። ግን ይገባኛል። ሰው ሊደብቁት የሞከሩትን ነገር ማየት ይፈልጋል።

የሁሉም ቁንጮ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አንድ ብቻ ያለው። በ1958 ሊቨርፑል ውስጥ፣ ፐርሲ ፊሊፕስ በቤቱ ባቋቋማት ትንሽ ስቱዲዮ፣ ኳሪመን የሚባሉ ልጆች ሁለት ዘፈን ቀረጹ፤ ከነሱ መሀል ነው በኋላ ቢትልሶች የወጡት። የደረሳቸው ባለ 78 ዙር፣ ማለትም በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞር አንድ ዲስክ ነው። ተራ በተራ እየወሰዱ ሰሙት። በመጨረሻ ፒያኖ ይመታ የነበረው ጆን ሎው ጋ ቀረ፤ ከ20 ዓመት በላይ እሱ ጋ ተቀምጦ በ1981 ፖል ማካርትኒ ገዛው። እንደዚያ ያለ ዲስክ የሚሠራበት ለስላሳ ሽፋን በተጫወተ ቁጥር ያልቃል። ልጆቹ በየተራ ባሰሙት ቁጥር እየፋቁት ነበር ማለት ነው። ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ስለ ባለ 45 ዙሯ ሸክላ ትንሽ ልበል። አርሲኤ ቪክተር የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1949 ነው ያወጣት። ኮሎምቢያ ከዓመት በፊት ረጅሙን ባለ 33 ዙር አውጥቶ ስለነበር ፉክክር ነበር። የአሜሪካዋ መሀል ላይ 38 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ቀዳዳ አላት። የእንግሊዟ ጠባብ ነው፤ ሰፊውን ለሚፈልግ ማጫወቻ መሀሏ ተገፍቶ እንዲወጣ ተደርጋ የምትሠራ ብዙ ነበረች። አርሲኤ መጀመሪያ ላይ የሙዚቃውን ዓይነት በሸክላው ቀለም ይለይ ነበር። ካንትሪ አረንጓዴ፣ ክላሲካል ቀይ፣ የልጆች ቢጫ፣ ሪትም ኤንድ ብሉዝ ብርቱካናማ። ከብርቱካናማዎቹ መካከል የአርተር ክሩደፕ «ዛትስ ኦል ራይት» አለች። በጁላይ 1954 ኤልቪስ ፕሪስሊ ሜምፊስ ውስጥ ለሰን ሬከርድስ የቀረጻት ይህችኑ ዘፈን ነው፤ የመጀመሪያው ሸክላውም ሆነች።

የሰን ነገር ከተነሳ የራሴን ልናገር። ከዓመታት በፊት፣ ስሙን ከማልጠራው ሻጭ አንድ የሰን ነጠላ ዜማ ገዛሁ። «በእርግጠኝነት ሜምፊስ የታተመ ኦሪጅናል ነው» ብሎኛል። ፎቶው ያምራል። ለወራት ቆጥቤ ነው የከፈልኩት። ደርሶኝ ገና ከወረቀቱ ሳወጣው ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሦስት ቀን ሰማሁት። በአራተኛው ቀን መብራቱን አዘንብዬ አየሁት።

ሜምፊስ ከሚገኘው ማተሚያ የወጡ የሰን ሸክላዎች መሀላቸው ላይ ሦስት ክብ ክብ ጠባሳ አላቸው። ከማተሚያው የቀረ ምልክት ነው። በጣት ሲዳብሱት ይታወቃል። የኔ ላይ ምንም የለም። ልስልስ ያለ ነው። ቀጥዬ በማጉያ መነጽር ጽሑፉን አየሁ። የፊደሎቹ ጠርዝ ቦዝዟል፤ ከሌላ ሸክላ ላይ ፎቶ ተነስቶ የታተመ ነው። ፎርጅድ ነበር። ለሻጩ ጻፍኩለት፤ አልመለሰልኝም። ገንዘቡ ሄደ።

ያ ሸክላ ዛሬም አለኝ። የማስቀምጠው ከጀማሪዎች ጋር ስቀመጥ ጣታቸውን ይዤ መሀሉ ላይ እንዳሳልፍ ነው። «ይሄን ስሜት ያዙት» እላቸዋለሁ። «አሁን ይሄኛውን ንኩት።» ልዩነቱን በጣት የያዘ ሰው በፎቶ ተማምኖ አይገዛም።

ከዚያ በኋላ ነው ዘፈኑ አልቆ መሀሉ ሳይጀምር ያለችውን ባዶ ቀለበት ማንበብ የተማርኩት። መርፌው ዜማውን ጨርሶ የሚንሸራተትባት ቦታ ናት። እዚያ ላይ ቁጥሮችና ፊደሎች ተጭረዋል። የፓርሎፎን ባለቤት የነበረው የእንግሊዙ ኢኤምአይ ያተማቸው ላይ ያለውን ኮድ ሳውቅ ልጅ ሆንኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ዘፈኑ መጀመሪያ ለስላሳ ሽፋን ባለው ዲስክ ላይ ይቆረጣል። ከሱ ላይ የብረት ግልባጭ ይወሰዳል፤ አባት ይሉታል። ከአባት እናት ትወጣለች። ከእናት ደግሞ ሸክላውን ራሱን የሚያትመው ቅርጽ ይወለዳል። ያትማል ያትማልና ሲያልቅ ይጣላል፣ ሌላ ይወለዳል። የእናቲቱ ተራ በቁጥር ይጻፋል። የማተሚያው ቅርጽ ተራ ግን በፊደል ነው። ፊደሎቹ ከኩባንያው ስም፣ ከግራሞፎን ሊሚትድ የተወሰዱ አሥር ናቸው። ‹ጂ› አንድ፣ ‹አር› ሁለት፣ ‹ኤ› ሦስት እያለ ይሄድና ‹ዲ› ላይ ዜሮ ይሆናል።

የኔዋ «ላቭ ሚ ዱ» ላይ ከግራ በኩል 1 አለ። ከቀኝ በኩል ‹ጂ› እና ‹ኤም›። ከመጀመሪያዋ እናት፣ አሥራ አራተኛው ቅርጽ ማለት ነው። ይህን ያወቅሁ ለታ ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ ተነስቼ ተንጎራደድኩ። የአንዲት ሸክላ የትውልድ ሐረግ እጄ ላይ ነበር።

ባዶዋ ቀለበት ላይ ሰውም ይናገራል። ጆርጅ ፔካም የሚባለው እንግሊዛዊ የሸክላ ቆራጭ በሠራቸው ሸክላዎች ላይ በእጁ «ኤ ፖርኪ ፕራይም ከት» ብሎ ይጭር ነበር። ፊርማው ነው። የኒርቫና የመጀመሪያ ነጠላ ዜማ «ላቭ በዝ» በ1988 ሰብ ፖፕ ከሚባል ኩባንያ ስትወጣ 1,000 ቅጂ በእጅ ተቆጥሮ ቁጥር ተጻፈበት፤ ቀለበቷ ላይ ደግሞ ጊታሮቹን ለምን በአካፋ አትቀይሯቸውም የሚል ጥያቄ ተጭሯል። በዲጂታል ፋይል ላይ እንዲህ ያለ የእጅ ጽሑፍ የት ይገኛል?

አሁን ደግሞ ጥፋቴን። ሁሉም 45 ዙር ቪኒል አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ብዙዎቹ ስታይሪን ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ተሠርተዋል። ቀለል ይላል፣ በጥፍር መታ ሲያደርጉት ድምፁ ቀጭን ነው፤ መሀሉ ላይ ያለው ወረቀትም አብሮ የታተመ ሳይሆን በሙጫ የተለጠፈ ስለሆነ ጠርዙ ይነሳል። ስታይሪን በደህና መርፌ ጥሩ ይሰማል። ያለቀ መርፌ ግን ይበላዋል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። መርፌዬን ሳልቀይር ከርሜ አንድ የምወደውን የ60ዎቹ ጋራዥ ሮክ አንድ ምሽት ላይ ደጋግሜ አጫወትኩት። በሳምንቱ ስሰማው ዘፋኙ ‹ስ› ባለ ቁጥር የሚፋጅ ዘይት የመሰለ ድምፅ ይወጣል። ቦይው ተበልቷል። አይታጠብም፣ አይጠገንም። ወደ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሲጠነቀቅለት የቆየን ነገር በአንድ ምሽት ጎዳሁት። ዛሬም የባንዱን ስም ሳይ ዓይኔን አነሳለሁ። እባካችሁ መርፌያችሁን ቀይሩ። ሸክላችሁን አቁማችሁ አስቀምጡ፤ አንዱን በአንዱ ላይ አትከምሩ። ሙቀት ካለበት አርቁት። ሌላው ምክር ከዚህ በኋላ ይደርሳል።

ሰብሳቢዎች ስለ ሸክላ የይዞታ ደረጃ የሚሉትን አከብራለሁ፤ ግን አልስማማም። ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ፍጹም አዲስ የሚመስለው፣ ያልተነካው ነው። ያልተነካ ሸክላ ምን ማለት እንደሆነ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ነው። ማንም አልሰማውም ማለት ነው። ተገዝቶ መደርደሪያ ላይ ቀርቷል፤ ወይ ጨርሶ አልተገዛም። የተጨረው፣ ስም የተጻፈበት፣ ጥጉ የተላጠው ግን አንድ ሰው ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊትም፣ ሲመለስም የሰማው ነው። ሁለቱ ቢቀርቡልኝ ሁለተኛውን አነሳለሁ። ጓደኞቼ ይህን ስል ይከራከሩኛል። ክርክሩን እወደዋለሁ።

ስለ ቢ ጎን ካላወራሁ ግን ጽሑፉ አልተሟላም። ነጠላ ሸክላ ሁለት ፊት አለው። በአንደኛው ኩባንያው የሚተማመንበት፣ በሌላኛው ቦታ ለመሙላት የሚገባው። አሜሪካዊው ዘፋኝ ቢል ሄሊ በሜይ 1954 ዴካ በሚባል ኩባንያ አንድ ሸክላ አወጣ። ኤ ጎኑ «ሰርቲን ዊመን» ነበር። ቢ ጎኑ «ሮክ አራውንድ ዘ ክሎክ»። ኩባንያው የተማመነበት ዘፈን የትም አልደረሰም። ጀርባ ላይ የተወሸቀው በቀጣዩ ዓመት በፊልም መክፈቻ ላይ ተሰማና ዓለምን አስጨፈረ። ያንን ሸክላ በ1954 የገዛና ገልብጦ የሰማ ሰው ከሁሉም ቀድሞ ሰምቷል። ገልብጦ ካልሰማ ግን እጁ ላይ እያለ አመለጠው።

ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ እገለብጣለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከአንድ ሳጥን ሙሉ ሸክላ መሀል አንድ አገኘሁ። ስሙን ሰምቼው የማላውቀው ባንድ፣ ስሙን ሰምቼው የማላውቀው ኩባንያ። ልባስ የለውም፤ ተራ ነጭ ከረጢት ነው። ቀለበቱ ላይ ቁጥርና አንድ የጠመመች ኮከብ ተጭሯል። ስፈልግ አመሸሁ፣ ምንም አላገኘሁም። ዘ ሁ አልሆኑም፤ ቦዊ አልሆኑም። አንድ ቀን ተሰብስበው፣ ምናልባት ገንዘብ አዋጥተው፣ ሁለት ዘፈን ቀርጸው ወደ ቤታቸው ሄደዋል።

በተጣራ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብዬ ጠረግሁት። አዲሱን መርፌ አወረድኩ። ኤ ጎኑ የፍቅር ዘፈን ነው፤ ሌሎችን ለመምሰል የተጣጣረ። ገለበጥኩት። ቢ ጎኑ በከበሮ ይጀምራል። ከበሮ መቺው ይቸኩላል፤ ጊታሩ ትንሽ ከቅኝት ወጥቷል። ልጁ ይጮሃል፣ መሀል ላይ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ግን አያቆምም። ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ነው። ሦስት ጊዜ ሰማሁት።

ከረጢቱ ላይ በእርሳስ የመጻፍ ልማድ አለኝ። ጭረቱ የት እንዳለ፣ መቼ እንደሰማሁት። ከእኔ በኋላ ለሚይዘው ሰው ነው። ቀኑን ጻፍኩ። ከሥሩ «ከጀርባው ጀምር» ብዬ ጨመርኩና በመደርደሪያው ላይ፣ ከቀይዋ ሸክላ አጠገብ አቆምኩት።